ዱብ ያለ ሲሳይ ይታመናልን?



በድርሰት ውስጥ ድንገተኛ መከራ ሲደርስ አንባቢ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ዱብ ዕዳን ከኑሮው ያውቀዋልና። ዱብ ያለ ሲሳይ ግን ምስክር ይሻል። ታሪክንና ምትሃትን በሚያዛምደው የጃፓን ሥዕላዊ ልብ ወለድ፣ በማንጋ፣ ፈተናው ይበረታል፤ ምትሃት ባለበት ሁሉ ነገር ይቻላልና።

ኦሳሙ ቴዙካ በ1967 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው «ዶሮሮ» ይህን ፈተና ተወጥቶታል። ዘመኑ የጃፓን መሳፍንት እርስ በርስ የሚፋጁበት ነው። ዳይጎ ካጌሚትሱ የተባለ የጦር አለቃ ሥልጣን ሽቶ የሚወለደውን ልጁን አካል ለ48 አጋንንት አሳልፎ ይሰጣል። አካሉ ጎድሎ የተወለደው ሕፃን ወንዝ ላይ ይጣላል፤ የሚያገኘውም ሰው ሠራሽ አካል መሥራት የሚችል ሐኪም ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ዕድል አለ? ሆኖም እናምናለን፤ ዕድሉ የታሪኩን ቋጠሮ ይቋጥራል እንጂ አይፈታምና። ሕፃኑ የዳነው ሊታገል ነው፤ ካደገም በኋላ የጎደለው አካሉ የሚመለስለት ጋኔን በገደለ ቁጥር አንድ በአንድ ነው። የአባትየውንም ሲሳይ የምናምነው ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ ስለምናይ ነው።

እንግዲህ ለእኛ ለጸሐፍት የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ ሲሳይ በመግቢያ ቢመጣ እንደ እንግዳ እንቀበለዋለን፤ በመደምደሚያ ያለ ዋጋ ቢመጣ ግን የደራሲው ስንፍና መሸሸጊያ ነው። አንባቢም ያውቅበታል።