ጓሳና ሕጉ

እሱ፦ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ሲነሳ የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ምድር ያስባል። የመንዝ አባቶች የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ እያጨዱ ኖረዋል።

እሷ፦ በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ግን ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ግጦሹም አጨዳውም ልቅ ሆነ።

እሱ፦ በኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቋመ። የአማራ ክልል መስተዳድር ምክር ቤት ለጥበቃው በሕግ እውቅና የሰጠው በፈረንጆቹ 2012 ነው። መዘግየቱ ያሳዝነኛል።

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ሕግ ነው፣ ወንድሜ። ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን የሚጠብቀው ገበሬ ልጁን የሚያሳክምበትና የሚያስተምርበት ድርሻ ከቱሪዝም ገቢው እንዲደርሰው በሕግ ይጻፍለት።

እሱ፦ የሕጉ አርቃቂዎችም አስቀድመው እዚህ መንዝ፣ መሃል ሜዳ ከተማ መጥተው ጠባቂዎቹን ያነጋግሩ።