የባዛር ድንኳናችን መንገደኛን እንዲያስቆም
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዲስ የባልትና ሥራ የጀመራችሁ እናቶችና እኅቶች ለእንቁጣጣሽ ባዛር ድንኳን ተከራይታችኋል። ኪራዩ የዕቁብ ገንዘብ ነውና በከንቱ እንዳይቀር!

ባዛር ላይ ሰው እየተጋፋ ነው የሚያልፈው፤ ቆሞ አያነብም። ስለዚህ ጽሑፉ «በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ» ብቻ ይሁን፤ ከሰው ራስ በላይ በትልቁ ይሰቀል። በርበሬው ራሱ ጌጥ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ላይ በሰፌድ ዘርጉት። ሽሮ በድስት ይንተክተክ፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ምድጃውን ግን ከሸራው አርቁ። ዋጋም በግልጽ ይጻፍ፤ መጠየቅ የሚያፍር ብዙ ነው። ቀምሶ ሳይገዛ ለሚሄደውም የሱቁን አድራሻ በወረቀት ስጡት።

እኛ ጎረቤቶች ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እንገኝላቸው። ሰው የቆመበት ድንኳን ሌላውን ሰው ይስባል።