በሥራ አመራር ኮሚቴ ርክክብ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት የማኅበራችን አባላት፣
የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣



ዛሬ እዚህ አርሂባ የተሰባሰብነው ነባሩን ኮሚቴ አመስግነን ለመሸኘት፣ አዲሱንም ለመቀበል ነው። ኃላፊነትን በጊዜው ማስረከብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ የተመሠረተው የሮታሪ ክለብም በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን መሪውን ይለውጣል። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን የሚቀረው መዝገቡ ነው።

በሰው አገር ኀዘን ቀጠሮ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኦቦክ በኩል፣ በጎዶሪያ ጠረፍ አጠገብ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። እንዲህ ባለ ሌሊት ስልክ ሲደወል «ገንዘብ ያዡ ማን ነው? ቁልፉስ የት አለ?» እያለ የሚጠያየቅ ማኅበር ለማንም አይደርስም።

ስለዚህ ርክክቡ በአባላት ፊት ይሁን እንላለን። ካዝናው ይቆጠር፤ ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፤ ያልተሰበሰበው መዋጮና ያላለቀው ጉዳይ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ይፈረምበት። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ አስረካቢውን ከሐሜት፣ ተረካቢውን ከዕዳ ይጠብቃል።

ነባሮቹ የኮሚቴ አባላት ከወንበሩ ተነሡ እንጂ ከማኅበሩ አልወጡምና ምክራቸው አይለየን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አዲሶቹንም ሸክሙን አብረናችሁ እንሸከማለን እንላቸዋለን።

መልካም የሥራ ዘመን!