ታላላቅ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያዎች ትንንሾቹን ለምን ይገዛሉ? ለምንስ ያልፏቸዋል?

ድሬዳዋ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ



የመመረቂያ ሥራው ፀረ-ቫይረስ ሶፍትዌር የነበረ አንድ ተማሪ በቅርቡ ቢሮዬ መጥቶ፣ «በሞከርኳቸው ናሙናዎች ላይ የእኔ ፕሮግራም ከታዋቂዎቹ የተሻለ ይይዛል። ታዲያ አንድ ትልቅ ኩባንያ የማይገዛኝ ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዕለቱ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም፤ ዛሬ እንደገና ልሞክር።

ገዢው በአብዛኛው የሚከፍለው ለጥራት ሳይሆን ለጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች በስፓይዌር ተማረው ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን የራሱ የሆነ መፍትሔ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጃያንት የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶም የጃያንትን ሶፍትዌር በራሱ ስም ለሙከራ አቀረበ። ዛሬ በየኮምፒውተራችን የምናየው «ዲፌንደር» የሚለው ስም የመጣው በዚያ መስመር ነው። ከባዶ ቢነሣ ኖሮ በሦስት ሳምንት የሚሆን ነገር አልነበረም።

የሮማንያው ጌካድ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2003 «ራቭ» የተባለውን ፀረ-ቫይረስ ቴክኖሎጂ ከጌካድ ከገዛ በኋላ የምርቱ ሽያጭ እንዲቆም ተደረገ። ራቭ በሊኑክስ የኢሜይል ሰርቨሮች ላይ ይሠራ ስለነበር ደንበኞቹ ሌላ መከላከያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 የጎረቤታችንን የሐረርን ቢራ ፋብሪካ ከመንግሥት ሲገዛ ፋብሪካው ከቦታው አልተነሣም፤ ቢራውም ሐረር መባሉን አልተወም። ሶፍትዌር እንዲህ በግንብና በጋን የሚታይ ንብረት አይደለም። በስብሰባ አዳራሽ የተወሰነ አንድ ውሳኔ ሊያጠፋው ይችላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ውድድርን የሚጎዳ ውህደትን ይከለክላል። ይሁንና ሦስት ወጣቶች የሠሩት፣ ገና ሽያጭ የሌለው ፕሮግራም ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ጉዳቱን በምን እንለካዋለን? ይህን ለሕግ መምህራን እተዋለሁ።

አንዳንዴ የሚገዛው ደንበኛው ነው። ቀፊራ ውስጥ የጎረቤቱን ሱቅ የሚገዛ ነጋዴ መደርደሪያውን ፈልጎ አይደለም። አቫስት እ.ኤ.አ. በ2016 ኤቪጂን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የራሱ ፀረ-ቫይረስ ነበረው፤ ሁለተኛ ሞተር አላስፈለገውም። ብዙ ኮምፒውተር ላይ መገኘት ግን አዲስ ቫይረስን ቀድሞ ለማየት ያስችላል። በዚህ ሙያ ደንበኛ ገንዘብ ከፋይ ብቻ ሳይሆን ዘበኛም ነው።

ታልፎ የቀረው ደግሞ ስፓይቦት ነው። በዘመኑ ስፓይዌርን በማጽዳት የታወቀ፣ በነፃ የሚታደል ፕሮግራም ነበር። ከታላላቆቹ አንዱም አልገዛውም። እኔ እንደምገምተው፣ ማይክሮሶፍት ተመሳሳዩን በነፃ ሲሰጥና ሌሎቹም በየምርታቸው ሲጨምሩት፣ ስፓይቦትን መግዛት ለማንም ጊዜ የሚያተርፍ አልሆነም። ሥራው መልካም ስለነበር አልዳነም፤ መጥፎ ስለነበርም አልተተወም።

ወደ ተማሪው ልመለስ። ቫይረስ የሚይዝ ሞተር ታላላቆቹ ሁሉ አላቸው። በቀላሉ የማያገኙት በዚህች ከተማ በየስልኩ የሚገባውን የማጭበርበሪያ መልእክት ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን በስልካችን ይዘዋወራል። ድሬ ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ የምትነግድ ከተማ ናት፤ አጭበርባሪውም በሚመቸው ቋንቋ ይጽፋል። በሦስቱም ቋንቋዎች በጥንቃቄ፣ የሰዎችን ፈቃድና ምስጢር ጠብቆ የተሰበሰበ የመልእክት ክምችት ለውጭ ኩባንያ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ እዚህ ከፋይ ደንበኛ እስካላየ ድረስ ሊያልፈው ይችላል፤ ይህን ከተማሪው መደበቅ አልፈለግሁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዢ የአገር ውስጥ ባንክ ቢሆን ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

«እስካሁን ስንት መልእክት ሰብስበሃል?» አልኩት። አንድም አልነበረውም። ባለፈው ሳምንት ግን ማስታወሻ ደብተር ይዞ ተመልሶ መጥቷል።