«መልሶ ይበቅልለታል» ብለን ችላ አንበል



ምስጋና ፍጥረታትን ሁሉ ላስገኘው አላህ ይሁን። የዛሬው ርዕሳችን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የምንነጋገረው በመስታወት ገንዳ ውስጥ ስለሚኖር አንድ ትንሽ ፍጡር፣ በተለይም ሲቆስል ልናደርግለት ስለሚገባን እንክብካቤ ነው። ስሙ አክሶሎትል ይባላል። ለእንቁራሪት የሚቀርብ ፍጡር ነው። እንቁራሪት ስታድግ ወደ የብስ ትወጣለች፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከውሃ አይወጣም። ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ላባ የሚመስሉ መተንፈሻዎች አሉት።

የትውልድ ስፍራው በሜክሲኮ ሲቲ የሚገኘው የሶቺሚልኮ ውሃ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 በተደረገ ጥናት በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል ተገኝቶ ነበር፤ በ2014 ግን ቁጥሩ ወደ 36 አሽቆለቆለ። በሰዎች ቤት ግን በብዛት ይረባል። በ2021 ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ከገባ ወዲህ ብዙ ልጆች አውቀውታል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከልጆቻቸው «ግዙልን» የሚል ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል።

አላህ ለዚህ ፍጡር አስደናቂ ችሎታ ሰጥቶታል። እግሩ ቢቆረጥ ቁስሉ በአንድ ቀን ገደማ በስስ ቆዳ ይሸፈናል። ከዚያም ከሥሩ ሕዋሳት ተሰብስበው እንቡጥ ይሠራሉ፤ ከእንቡጡም አጥንትና ጡንቻ ያለው አዲስ እግር በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይወጣል። አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ግድ የለም፣ መልሶ ይበቅልለታል» እንልና እንተወዋለን። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን እግራቸው በተመሳሳይ ቦታ አምስት ጊዜ ከተቆረጠ አክሶሎትሎች አብዛኞቹ እንደ ቀድሞው ማብቀል አቅቷቸዋል። ስጦታው ወሰን አለው ማለት ነው። ውሃው ከቆሸሸ ደግሞ ቁስሉ ሳይድን ይመረቅዛል።

ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷ አድና እንድትበላም ሳትለቃት የሞተችባት ሴት በዚያ ምክንያት እንደተቀጣች የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በመስታወት የዘጋንበት አክሶሎትልም እንደዚያችው ድመት ነው። ንጹሕ ውሃ ፍለጋ የትም መሄድ አይችልም። እኛ ካልቀየርንለት ማን ይቀይርለታል? በእጃችን ያለ አማና ነው።

ታዲያ ቆስሎ ስናገኘው ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለብቻው እናድርገው። ብዙውን ጊዜ የሚነክሱት አብረውት ያሉት ሌሎች አክሶሎትሎች ወይም ዓሦች ናቸው። ሳሙና ያልነካው ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃዋል። በእጃችን አንያዘው፤ ቆዳው ስስ ነውና በውሃ በተሞላ ዕቃ አጥልቀን እናሻግረው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን በየቀኑ ሙሉ በሙሉ እንቀይር። ከራሱ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ያቃጥለዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረው ለዓሣ ገንዳ በሚሸጠው ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መታከም አለበት።

ሦስተኛ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሙቀቱ ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ጀርምና ሻጋታም ይፈጥንበታል። በሞቃት ቀን በረዶ የሆነ ውሃ የያዘ የታሸገ ጠርሙስ ሳፋው ውስጥ ማንሳፈፍ ይረዳል። ነገር ግን ቅዝቃዜው በድንገት እንዳይለዋወጥ እንጠንቀቅ።

አራተኛ፣ ለሰው የተሠራ ቅባት፣ አልኮልም ሆነ አዮዲን በቁስሉ ላይ አናድርግ። ውሃ ውስጥ የገባውን ሁሉ ቆዳው ይመጥጠዋልና ለእኛ መድኃኒት የሆነው ለእሱ መርዝ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ ጸጥ ያለና ብርሃን ያልበዛበት ቦታ እናስቀምጠው፤ የመሬት ትል እንመግበው፤ የተረፈውን ወዲያው እናውጣ። ቁስሉ ላይ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር ከታየ፣ አካባቢው ከቀላ ወይም ካበጠ፣ ወይም ለቀናት መብላት ከተወ፣ እንዲህ ዓይነት እንስሳት የሚያክም ሐኪም ዘንድ እንውሰደው።

ሲድንም ወደ ቀድሞው ገንዳ ከመመለሱ በፊት ያቆሰለውን ነገር እናስወግድ። ነካሹ ይለይ፤ ስለታም ድንጋይ ይውጣ፤ ሊውጠው የሚችል ጠጠርም አይኑር።

ውድ ወላጆች፣ አክሶሎትል በጥሩ አያያዝ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለልጆቻችን ከመግዛታችን በፊት «ውሃውን ማን ይቀይራል?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለን አለመግዛቱ ራሱ እዝነት ነው። ከገዛን ደግሞ ልጁ ከእኛ ጋር ሳፋውን ይጠብ፣ የውሃውን ሙቀት ይለካ። መናገር ለማይችል ፍጡር ማዘንን ከንግግራችን ይልቅ ከዚህ ሥራ ይማራል፣ ኢንሻአላህ።