ካርዱ የሚናገረው



ስለ መድኃኒት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ጥያቄያችን «ተገኘ ወይስ አልተገኘም?» የሚል ነው። ዛሬ ግን መድኃኒቱ ስለሚመዘገብበት ካርድ ልንነግራችሁ ወደድን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኛም ትንሽ ይመስለን ነበር።

ሸማ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ገብታችሁ የአንድ ነጋዴ የዱቤ ደብተር ተመልከቱ። ዕቃው ከሱቅ ሳይወጣ «ተወስዷል» ብሎ የሚጽፍ የለም፤ ቢጽፍ በነጋታው ጠብ ነው። በበሽተኛ ካርድ ላይ ግን ይህ ሲደረግ አይተናል። ሐኪሙ ያዘዘው ሁሉ በሽተኛው እንደ ወሰደው ተደርጎ ይጻፋል።

አንዲት እናት ከገጠር አውቶቡስ ተራ ደርሰው ወደ አንድ ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን፤ አስተኟቸው። ለጠዋት 12 ሰዓት የታዘዘላቸው መርፌ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አልነበረም። ልጃቸው የማዘዣ ወረቀቱን ይዞ በውጭ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ሲዞር አርፍዶ 5 ሰዓት ላይ ተመለሰ። ብልቃጡን ለተረኛዋ ነርስ ሲሰጣት ካርዱን አየችና «ጠዋት ተወግተዋል፤ ቀጣዩ ማታ ነው» አለችው። እውነትም በ12 ሰዓቱ ሳጥን ውስጥ ፊርማ አለ። የሌሊቷ ተረኛ ብዙ አልጋ ለብቻዋ ይዛ ስለ ነበር፣ ከመውጣቷ በፊት መስመሩን በሙሉ ፈርማው ነበር የሄደችው። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የደከመች ሰው ነበረች። ልጁ ያልተከፈተውን ብልቃጥ እያሳየ ባይከራከር ኖሮ እኒያ እናት እስከ ማታ ያለ መድኃኒት በዋሉ ነበር። በማግስቱ የሚጎበኛቸው ሐኪምም ትኩሳቱ አለመውረዱን አይቶ «ይህ መድኃኒት አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ በለወጠ።

የአገራችን አጻጻፍ ራሱ ወጥመድ አለው። ማታ 2 ሰዓት የሰጠውን አንዱ በፈረንጅ ሰዓት «8» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። በስምም እንዲሁ፤ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በአንድ ክፍል ሁለት ፋጡማ አህመድ ቢተኙ አይደንቅም፤ «ኃይሉ»ም በየትኛው «ሀ» እንደ ተጻፈ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ስለዚህ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ሳታዩ ምንም አትመዝግቡ። ችግሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት የሚመጣውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ እንዲቀንሱ አገሮችን ጠይቆ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ በነርሷ ላይ ጣት ቀስረን ብቻ መሄድ አይገባንም።

የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒቱን ሲውጥ በዓይን እያዩ ካርድ ላይ ምልክት የማድረጉ አሠራር በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። ዛሬ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። አንድ የመርካቶ ተሸካሚ ሕክምናውን በግንቦት ጀመረ። የመጀመሪያውን ሁለት ወር በጤና ጣቢያ ጨረሰ፤ የቀረውን እያየ እንዲመዘግብ ከእኛ አንዱ ኃላፊነት ወሰደ። መስቀል ሲደርስ ሰውየው እንደ ሌሎች የጉራጌ ልጆች አገሩ ገባ። መዝጋቢያችንም የቀሩት ሳጥኖች ባዶ ሆነው ማየት ስላልወደደ፣ «ጎበዝ ነው፤ ይውጣል» ብሎ ሞላቸው።

በአምስተኛው ወር አክታው ሲመረመር ጀርሙ አለ። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ «ይህ ካርድ እውነት ከሆነ መድኃኒቱ ተሸንፏል። እውነት ካልሆነ ሌላ ነገር ነው። የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ዝም አልን። የዝምታችንን ዋጋ እናውቅ ነበር፤ መድኃኒት ለተላመደ ነቀርሳ የሚሰጠው ሕክምና በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ሲጀመር ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ፣ ለወራት የሚወጋው መርፌም ጆሮ ሊያደነቁር የሚችል ነበር። ዛሬ ቢሻሻልም ቀላል ሕክምና አይደለም። ያን ዕለት ለሐኪሙ እውነቱን ነገርነው፤ ዘግይተን ግን ነው። ምርመራው ጀርሙ መድኃኒቱን እንዳልተላመደ ስላሳየ፣ ሰውየው ሕክምናውን እንደገና ከመጀመሪያው ያዘ። ወራት ከሥራ፣ ከእንጀራው ላይ ተቀነሱበት።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ የሚሞላው ሰውየው ከዋጠ በኋላ ነው። ያልዋጠበት ቀን ባዶ ይቀራል፤ ምክንያቱም በጎን ይጻፋል። አገር ቤት የሚሄድ በሽተኛ ከመውጣቱ በፊት ጤና ጣቢያው የመንገድ መድኃኒትና ደብዳቤ እንዲሰጠው እናደርጋለን፤ በካርዱም ላይ «ራሱ ይዞ ሄደ» እንላለን እንጂ «ሲውጥ ታየ» አንልም። ባዶ ሳጥን የሰነፍ ምልክት ይመስላችኋልና ታፍሩበታላችሁ፤ እባካችሁ አትፈሩት።

የዚያ ተሸካሚ የቀድሞ ካርድ አሁንም በፋይላችን አለ። አልፋቅነውም። ከመስከረም 12 እስከ 25 ያሉት 14 ምልክቶች እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር ተሰርዘዋል፤ በጎናቸው «አገር ቤት ነበር፤ መድኃኒት አልያዘም» ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞበታል።