የራሳችን ደመወዝ የት ገባ?



ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዝዋይ የወረድነው አካሺያና ሪፍት ቫሊ የሚባሉት ወይኖች የሚመጡበትን የካስቴልን የወይን እርሻ ለማየት ነበር። (ወጪውን ከየኪሳችን ነው የሸፈንነው፤ የማኅበሩ ገንዘብ አልተነካም።) እርሻው ያምራል። ልባችንን የወሰደችው ግን ስንመለስ ከዋናው መንገድ ገባ ብለን ያገኘናት ጠባብ ዳቦ ቤት ናት። ባለቤቷ ትኩስ ዳቦ በሻይ አቀረበችልን። ስለ ትርፏ ስንጠይቃት ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ መብራቱን፣ የቤት ኪራዩን አንድ በአንድ ቆጠረችልን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ የምታቦካበትን ጉልበቷን ግን አልቆጠረችም። ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አልን። መዝገብ የምንይዘው እኛም ብንሆን በእንጀራ ሥራችን ሒሳብ ላይ የጋጋሪዎች ደመወዝ የሚል መስመር የለንም። ትርፍ እያልን ሪፖርት ያደረግነው አብዛኛው ያልተከፈለ ድካማችን ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ መስመሩን ከፍተናል። የትርፉ ቁጥር አንሶ ስታዩት አትደንግጡብን።